ልጅ አላችሁ?

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ነው የምናወራችሁ። "ደግሞ ስለ ኪራይ?" ያላችሁ ካላችሁ የራሳችሁ ቤት አላችሁ ማለት ነውና እንኳን ደስ ያላችሁ። ሌሎቻችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ።

መጀመሪያ "እኛ" ስንል እነማን እንደሆንን እንንገራችሁ። ባልና ሚስት ነን። ይህንንም የምንጽፈው አንድ ላፕቶፕ ላይ ተጋፍተን ነው፤ አንዳችን የጻፈውን ሌላችን እየሰረዘ። ስለዚህ እዚህ የምታነቡት ሁለታችንም የተስማማንበትን ብቻ ነው። ያልተስማማንበት ቢጻፍ ኖሮ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ከሐዋሳ ጠቅልለን አዲስ አበባ የገባነው በጥቅምት 2017 ነው። ሐዋሳ ስንኖር ቤታችን ከሥራችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነበር። "ሩቅ ነው" የምንለው ቦታ እንኳ ባጃጅ ውስጥ የጀመርነውን ወሬ ሳንጨርስ እንደርስበታለን። ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን፣ አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር በእግራችን እንዞራለን። የመንገድ ሰዓት አሳስቦን አያውቅም። አዲስ አበባ የመጣነው ለሁለታችንም በአንድ ሰሞን ሥራ ስለተገኘልን ነው፤ ለሴቷ መገናኛ፣ ለወንዱ ሜክሲኮ። ዘመድ ሁሉ "እሰይ፣ ሁለታችሁም አንድ ከተማ!" አለን። አሜን አልን። መገናኛና ሜክሲኮ አንድ ከተማ መሆናቸውን መጠራጠር የጀመርነው ከሳምንት በኋላ ነው።

ለጊዜው ያረፍነው ሳሪስ፣ አጎታችን ቤት ነበር፤ ሳሎን ላይ ፍራሽ ተነጥፎልን። የአጎታችን ሚስት ደግ ሴት ናት፤ ያስቸገረንም ደግነቷ ነው። ጠዋት እኛ እንዳንነቃ ቤተሰቡ በሙሉ በእግሩ ጣት ይራመዳል። ማታ እኛ "ደክሞን ይሆናል" ተብሎ ቴሌቪዥን በጊዜ ይጠፋል። አንድ ማታ የአሥር ዓመት ልጃቸው "እነሱ መቼ ነው የሚሄዱት?" ብሎ ሲጠይቅና እናቱ ስትቆነጥጠው ሰማን። የተኛን መሰልን። በማግስቱ ቤት ፍለጋውን በትጋት ያዝነው።

የመጀመሪያው ሐሳባችን ፍትሐዊ ነበር። ስልካችን ላይ ካርታ ከፍተን በሜክሲኮና በመገናኛ መካከል ያለውን እኩሌታ ፈለግን፤ ማናችንም እንዳንጎዳ። እኩሌታው ካዛንቺስ ላይ ዋለ። ደስታችንን አትጠይቁን! የሰፈሩ ስም ራሱ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣ ነው። "ኢንቺስ" ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ የጣሊያን ተቋም ምሕጻረ ስም ነበር፤ "ካዛ" ደግሞ ቤት ነው። ለደመወዝተኛ ተብሎ የተሠራ ሰፈር! እኛን ሲጠብቅ የኖረ መሰለን። ወዲያው አንድ ደላላ ጋ ደወልን።

"ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ፈልገን ነበር።"

ትንሽ ዝም አለና፣ "ብራዘር፣ ዜና አትሰሙም እንዴ?" አለ።

ሰምተናል። በመጋቢት 2016 ፒያሳ ሲፈርስ በቴሌቪዥን አይተናል፤ ካዛንቺስም ተራው ደርሶት ለኮሪደር ልማት እየፈረሰ መሆኑን ሰምተናል። ግን መስማትና ማየት ለየቅል ነው። "አንድ ጥግ አይጠፋም" ብለን ሄድን። በአዋጅ 47/67 ተወርሰው የቀበሌ የሆኑ፣ በውስጣቸው ሁለትና ሦስት ትውልድ ያደገባቸው ቤቶች ጣሪያቸው ተገፎ ቆመዋል። በር ከነመቃኑ ተነቅሎ መንገድ ዳር ተደርድሯል። አንድ ግማሽ ግድግዳ ላይ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ እንደተሰቀለ ነው፤ መስከረም ላይ ቀርቷል። ምትክ ቤት ከተሰጣቸው ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ እየተጫኑ ነበር። ጓዳ ተከራይቶ ይኖር የነበረው ግን ያው እንደኛ ቤት ፈላጊ ሆኖ ወጥቷል። አይሱዙ ላይ ፍራሽ የሚያስር አንድ ሰውዬ ደላላው አብሮን እንዳለ ሲያይ፣ "ቤት አገኛችሁ? ካገኛችሁና ካልተመቻችሁ ለእኔ ጠቁሙኝ" አለን። ቤት ልንፈልግ የሄድንበት ሰፈር ሰው እኛን ቤት ጠየቀን። እኩሌታችን እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ፍለጋ የጀመረው። በዚህም የደላላ ቋንቋ ተማርን። "ከአስፋልት ሁለት ደቂቃ" ሲሉ በመኪና ነው። "ጸጥ ያለ ሰፈር" ማለት ታክሲ አይገባም ማለት ነው። "ውሃ አይጠፋም" ከተባለ ሮቶ አለ፤ ሮቶው ውስጥ ምን እንዳለ አይጠየቅም። "ነፋሻ ነው" ማለት መስኮቱ አይዘጋም። "ባለቤቷ ሥርዓት ወዳድ ናት" ከተባላችሁ የግቢው በር ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ይቆለፋል።

መጀመሪያ ያየነው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ነው። ዋጋው 16,000 ብር። ለወንዱ ግማሻችን ገነት ነው፤ ከጀሞ ሜክሲኮ አንድ ታክሲ። ለሴቷ ግን ከአንዱ የከተማ ጫፍ ወደ ሌላው መሻገር ሆነ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛ መስለን ሞከርነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀሞ ተሰለፍን፤ መገናኛ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሁለት ታክሲ፣ ሁለት ሰልፍ፣ አንድ ጠብ (ጠቡ ከረዳቱ ጋር ሳይሆን እርስ በርሳችን ነው)።

የጀሞው ባለቤት የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁን። በተጨማሪም ውሉ ላይ ዋጋው ዝቅ ተደርጎ እንዲጻፍ ፈለጉ። እኛ ደግሞ ያነበብን ሰዎች ነን! በ2016 የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን፣ ስልካችን ላይ ጭነን ነው የምንዞረው። አዋጁ ውል በጽሑፍ ተደርጎ ይመዝገብ ይላል፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ይህንኑ በትሕትና ነገርናቸው። ሰውዬው አልተቆጡም። "ሕጉን አውቀዋለሁ ልጆቼ" አሉን። "ሕጉ የሚያከራየው ቤት ካለው ከሱ ተከራዩ።"

ቀጥሎ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሄድን። ይኼኛው የሴቷ ገነት ነው፤ መገናኛ ቅርብ ነው። ወደ ሜክሲኮ ግን ወንዱ ከተማውን ሊያቋርጥ ነው። ቤቱ ፀሐይ የሚገባበት፣ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ባለቤቱ ውጭ አገር የሚኖር። "ማንም አይጨቀጭቃችሁም" አለ ደላላው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በማይመጣበት ቀን ከታች በጄሪካን ይወጣል። ደረጃውን ስንወጣ ሴቷ ግማሻችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ደላላው "ስፖርት ነው እህቴ!" ብሎ ሳቀ።

እኛ አልሳቅንም። እዚህ ላይ እስካሁን ያልነገርናችሁን እንንገራችሁ። የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበርን። ("ነበርን" የሚለውን ሴቷ ግማሻችን ሁለት ጊዜ ሰርዛዋለች፤ ሦስተኛ ላይ ደክሟት ተወችው።) ለማንም አልተናገርንም። ለእናቶቻችን እንኳ። "ሦስተኛው ወር ይሙላ" ብለን ነው።

ማታ ሳሎን ፍራሻችን ላይ ደብተር አውጥተን ሁለት መስመር አሰመርን፤ አንዱ ብር፣ አንዱ ሰዓት። ጀሞ ከሆነ አንዳችን በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ትርፍ መንገድ ይሄዳል። በወር ሃያ ሁለት የሥራ ቀን ብንል 55 ሰዓት ነው፤ ከአንድ ሳምንት ሙሉ የሥራ ሰዓት ይበልጣል። ሰሚት ከሆነም ሰዓቱ አልጠፋም፤ ከሴቷ ወደ ወንዱ ተዛወረ እንጂ። ለካ ቤት ስንመርጥ የነበረው ማናችን እንደምንደክም ነው። እስካሁን "የት እንከራይ?" ስንባባል የከረምነው "አንተ ትድከም ወይስ እኔ?" ማለት እንደነበር ደብተሩ ላይ ስናየው አፈርን። ትንሽም ተኮራረፍን። አንድ ፍራሽ ላይ መኮራረፍ እንዴት እንደሚያስቸግር ያየ ያውቀዋል።

በማግስቱ ደላላው "ለእናንተ የተፈጠረ ቤት" አለና ሲኤምሲ ወሰደን። የቪላ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት፤ ሽንት ቤትና ሻወር ለብቻው፣ በሩ ላይ የሎሚ ዛፍ። 11,000 ብር! ለመገናኛ ቅርብ፣ የሜክሲኮ ባቡርም በዚያው በኩል የሚያልፍ። ባለቤቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀበሉን። ቡና ተፈልቶ ቆየን። አገራችንን ጠየቁን፣ ሥራችንን ጠየቁን፣ የተጋባንበትን ዓመት ጠየቁን። ከዚያም ሁለተኛውን ስኒ እየቀዱ፦

"ልጅ አላችሁ?"

ተያየን። አንድ ሰከንድ አይሞላም።

"የለንም፣ እትዬ" አልን። ሁለታችንም፣ እኩል፣ ተለማምደን እንደመጣን ሁሉ።

"እሰይ" አሉ። "እንደሱ ነው የምፈልገው። ልጅ ጠልቼ አይደለም፤ የበፊቶቹ ሁለት ነበሯቸው፣ ውሃው አልበቃ አለን፣ ግድግዳው ተሳለብኝ፣ እኔም ደም ግፊት አለብኝ።"

ሦስት ሺህ ብር ቀብድ ሰጥተን ወጣን። ደላላው ጀርባችንን መታ መታ አደረገን። ታክሲ ውስጥ ግን ማናችንም አላወራንም። እርግጥ አልዋሸንም ይባል ይሆናል፤ በዚያ ቀን ልጅ የለንም። ግን ስንጋባ የተስማማነው ብዙ ነገር ነበር፣ አብሮ መዋሸት አልነበረበትም። በአንድ ቃል ስንመልስ እንዴት እንደተዋጣልን ነው የከነከነን። መገናኛ ስንወርድ አንዳችን ተናገረ፤ ማናችን እንደሆነ ዛሬ አንስማማም፦

"ቤት አይደለም እኮ የተከራየነው። ሰባት ወር ነው።"

ልክ ነው። ሰባት ወር። በዚህ ውስጥ ደግሞ ሆድ በነጠላ ይሸፈናል፣ ማቅለሽለሽ "ጨጓራ ነው" ይባላል፣ እትዬ ለቡና ሲጠሩን ሰበብ ይፈለጋል። ከዚያ አንድ ቀን ያዩታል። አዋጁ ለሁለት ዓመት ውል ያቆመልን ይሆናል፤ ግን ዋሽቶ በገባበት ግቢ፣ ባለቤቷ በየጧቱ እያዩት፣ ሕፃን ይዞ የሚኖር ሰው አዋጅ ምን ያደርግለታል? ልጁ ሲያለቅስ አፉን ልናፍን ነው። አጎታችን ቤት በእግራችን ጣት መሄዱን ተለማምደናል፤ አሁን ደግሞ ያልተወለደ ልጅ በእግሩ ጣት እንዲሄድ ልናስተምረው ነው።

የዚያን ማታ ደብተሩ ላይ ሦስተኛ መስመር ጨመርን። "መሳቀቅ" ብለን ጻፍንበት። ኪራይ ለካ በብርና በሰዓት ብቻ አይከፈልም። የሲኤምሲው ቤት በብር ርካሽ ነው፣ በሰዓትም ደህና ነው፤ በመሳቀቅ ግን ካየናቸው ሁሉ ውድ ነው። ደግሞ ብርና ሰዓት የምንከፍለው እኛ ነን። ይኼኛውን ልጁም አብሮ ሊከፍል ነው።

እናላችሁ፣ በማግስቱ ተመልሰን ሄድን። ቀብዱን እንደምናጣ አውቀን ነው የሄድነው። ደላላው ሲሰማ "አብዳችኋል እንዴ? ሲደርስ ይደረስበታል!" ብሎ ስልኩን ዘጋብን። እትዬ በር ላይ ቆመው ሰሙን። ሁሉንም ነገርናቸው፤ ጊዜው ግንቦት መሆኑን ሳይቀር። እናቶቻችን ያልሰሙትን ዜና መጀመሪያ የሰማች ሰው አከራይ ሆነች ማለት ነው።

ፊታቸው በራ። ሴቷን ግማሻችንን ይዘው ጉንጯን ሳሟት። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ!" አሉ። ከዚያ ገብተው ሦስት ሺህ ብሩን አምጥተው፣ ቆጥረው፣ እጃችን ላይ አስቀመጡት።

ምርቃቱ ተሰጠን። ቤቱ አልተሰጠንም። አልተቀየምናቸውም፤ እንደውም እሳቸው ከእኛ ይልቅ ግልጽ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ዘዴያችንን ቀየርን። በር ላይ ቆመን፣ ዋጋ ሳንጠይቅ፣ "ልጅ እንጠብቃለን" እንላለን። ይህ ዘዴ ጊዜ ይቆጥባል፤ በአንድ ቅዳሜ አራት በር ተዘጋብን። አምስተኛው ጉርድ ሾላ፣ ከባቡሩ ጣቢያ በእግር ስምንት ደቂቃ (በእኛ እግር፣ በደላላ አይደለም)። እዚህም ሰርቪስ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ሽንት ቤቱ ለብቻው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እንደ ልማዳችን ሳንቀመጥ ተናገርን። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩን።

"መቼ ነው?"

"ግንቦት ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ማስጠገን አለብኝ" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ተወስኖ ያለቀ ነገር መሆኑ የገባን ቆይቶ ነው።

ዋጋው 15,000 ብር። ከሲኤምሲው በአራት ሺህ ይበልጣል። የሁለት ወር ከፈልን፣ የሁለት ዓመት ውል ጻፍን፣ አስመዘገብን። ሦስቱን መስመር ደመርን። ብሩን ሁለታችን እንከፍላለን። ሰዓቱን ወንዱ ግማሻችን ወሰደው፤ ባቡሩ ከ2008 ጀምሮ ከአያት ተነሥቶ በጉርድ ሾላና በመገናኛ አድርጎ፣ ሜክሲኮን አልፎ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። በካርታ ሲታይ ለእኛ ተብሎ የተዘረጋ ሐዲድ ነው። በተግባር ግን ከጧቱ 12 ሰዓት የሚመጣው ሞልቶ ነው፣ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ጣቢያው ላይ የቆመም አያውቅም። እሱ ሲቀር ታክሲ አለ፤ ታክሲው ሲጠፋ እግር አለ። ሴቷ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ሄዳ ሥራዋ ትገባለች። ፍትሐዊ አይደለም። እኩሌታ ብለን የጀመርን ሰዎች እኩል ባልሆነ ነገር ተስማማን። አንዳችን ሌላ ሰው ተሸክሞ ስለሚሄድ ሌላችን መንገዱን ይሸከም አልን። ሲቀል ደግሞ እንደገና እንቆጥራለን።

ሁሉም ነገር ሰመረ ብለን እንዳንዋሻችሁ። ጋሼ ጣሪያውን ያስጠገኑት በሐምሌ ነው፤ አልጋችን ላይ ሁለት ቦታ ካፈሰሰ በኋላ። ውሃ እዚህም ይጠፋል። የሐዋሳ ዓሣ አሁንም በሕልማችን ይመጣል። የአጎታችን ልጅ ግን ልደት ላይ መጥቶ "እናንተ ጋ ላድር?" ብሎናል፤ ይቅርታ እንደተደረገልን ቆጠርነው።

ልጃችን አሁን ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። ጧት ጧት ድስት ክዳን አንሥታ ሲሚንቶው ላይ ትመታለች። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ ምንም ብለውን አያውቁም። እኛ ግን አሁንም በሩ ሲንኳኳ አንዳችን ሮጠን ክዳኑን እንቀማታለን። እሷ በመገረም ታየናለች። ልማዱ ቶሎ አይለቅም፤ ሦስተኛውን መስመር ከፍለን የጨረስን እየመሰለን ውዝፉ አለብን።

እና ቤት ፍለጋ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ደብተራችሁ ላይ ሁለት መስመር ካሰመራችሁ አንድ ጨምሩበት። ቀብድ ከማስያዛችሁ በፊትም ግቢው ውስጥ ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ አንድ ነገር ተናገሩ። ድምፃችሁ እዚያ ቤት ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት ያኔ ታውቁታላችሁ።

ክዳኑ እንደገና ተነሥቷል። ቸር እንሰንብት።